ከ8,128 ቀጥሎ ያለውን ፍጹም ቁጥር በእጅ ያገኘሁበት መንገድ

ሐዋሳ ውስጥ የስምንተኛ ክፍል ሒሳብ አስተምራለሁ። ስለ አካፋዮች በተማርንበት ሳምንት 6፣ 28፣ 496 እና 8,128 ከራሳቸው በስተቀር ያሉት አካፋዮቻቸው ሲደመሩ መልሰው ራሳቸውን እንደሚሰጡ፣ ስለዚህም ፍጹም ቁጥሮች እንደሚባሉ በሰሌዳ ላይ አሳየሁ። አንዲት ተማሪ እጇን አውጥታ «ቲቸር፣ ቀጣዩስ ስንት ነው?» አለችኝ። ከስልክ አንብቤ ልነግራት እችል ነበር፤ መንገዱን ሳላሳይ ቁጥሩን ብቻ መስጠት ግን ስላልፈለግሁ እስከ ሰኞ እንድትታገሠኝ ጠየቅኋት።

ቅዳሜ ደብተሬን ይዤ ሐይቁ ዳር ተቀመጥኩ። አራቱ ቁጥሮች በቅደም ተከተል አንድ፣ ሁለት፣ ሦስትና አራት አኃዝ ስላላቸው አምስተኛው ባለ አምስት አኃዝ ይሆናል ብዬ ገመትኩ፤ የጥንቱ ግሪካዊ ኒኮማኮስም እንዲሁ አስቦ ነበር። ግምቱን ያፈረሰልኝ የጥንቱ ግሪካዊ የሒሳብ ሊቅ የዩክሊድ ሕግ ነው፦ 1፣ 2፣ 4፣ 8 እያልን በእጥፍ የሚያድጉ ቁጥሮችን ስንደምር ድምሩ ብቸኛ ቁጥር (ከ1 እና ከራሱ በስተቀር አካፋይ የሌለው) ከሆነ፣ ድምሩ በመጨረሻው ተደማሪ ሲባዛ ፍጹም ቁጥር ይወጣል። ተጋማሽ ፍጹም ቁጥር ሁሉ ከዚህ ሕግ እንደሚወጣ የስዊዘርላንዱ የሒሳብ ሊቅ ኦይለር አረጋግጧል። በሕጉ መሠረት ባለ አምስት አኃዝ ሆኖ የሚመጣው 128 × 255 ብቻ ሲሆን፣ 255 ደግሞ ለ5 ይካፈላል።

ቀጥሎ የሠራሁት ስሕተት የከፋ ነበር። የተደማሪዎቹ ብዛት ብቸኛ ቁጥር ከሆነ ድምሩም ብቸኛ ነው ብዬ፣ የ11ዱን ተደማሪዎች ድምር 2,047ን ሳልፈትን በ1,024 አባዝቼ 2,096,128 አገኘሁ። አካፋዮቹን ስደምር ግን 2,325,392 መጣ፤ ከራሱ በ229,264 በለጠ። መደመሩን ሁለት ጊዜ ደገምኩት፤ ጥፋቱ የነበረው ግን 2,047 = 23 × 89 መሆኑን አለማየቴ ላይ ነው።

ስለዚህ የ13ቱን ተደማሪዎች ድምር፣ 8,191ን፣ አስቀድሜ ፈተንኩ። ዳግም ዘሩ ከ91 ስለሚያንስ ከዚያ በታች ያሉትን 24 ብቸኛ ቁጥሮች በሙሉ መሞከር ሊኖርብኝ ነበር። ሆኖም ፈረንሳዊው የሒሳብ ሊቅ ፌርማ እ.ኤ.አ. በ1640 እንደጻፈው፣ ብዛቱ ከ2 የሚበልጥ ብቸኛ ቁጥር ሲሆን የድምሩ ብቸኛ አካፋይ ሁሉ ለብዛቱ እጥፍ ሲካፈል 1 ይተርፈዋል። ከ24ቱ ውስጥ ለ26 ተካፍለው 1 የሚተርፋቸው 53 እና 79 ብቻ ናቸው። 8,191 ለ53 ሲካፈል 29፣ ለ79 ሲካፈል 54 ይተርፋል፤ እናም ብቸኛ ነው። ይህን ሕግ ቀድሜ ብጠቀምበት ኖሮ 2,047 ላይ የምሞክረው የመጀመሪያው ቁጥር 23 ይሆን ነበር።

4,096 × 8,191 = 33,550,336። አካፋዮቹ 26 ሲሆኑ የሁሉም ድምር 8,191 × 8,192 ወይም 67,100,672 ነው፤ ከዚህ ላይ ቁጥሩ ራሱ ሲቀነስ 33,550,336 ይቀራል። ከ1 እስከ 8,191 ያሉት ቁጥሮች ድምርም ይኸው ነው፤ አኃዞቹ ሲደመሩ ደግሞ 28፣ ሌላው ፍጹም ቁጥር፣ ይመጣል። በግእዝ ፴፫፻፶፭፼፫፻፴፮ ብዬ፣ ማለትም 3,355 እልፍ ከ336፣ ደብተሬ ላይ ስጽፈው ደስ አለኝ።

ሰኞ ተማሪዬ የ79ኙን ማካፈል በሰሌዳ ላይ ራሷ ሠራችውና ወዲያው «ከዚህ ቀጣዩስ?» አለች። የ17ቱን ተደማሪዎች ድምር 131,071ን ጻፍኩላት። በ103፣ 137፣ 239 እና 307 ልትፈትነው ደብተሯ ላይ ገልብጣ ወደ ቤቷ ይዛው ሄደች።