ሞላ ያልኩት ድንጋይ አልሞላም ነበር

ባለፈው «አሸዋ ድንጋዬ እስከ አፉ ውኃ ጠግቧል፤ ከእንግዲህ የቀረው መቀነስና ማካፈል ነው» ብዬ የጠጣውን ውኃ 7.45 ግራም ብዬ ሰጥቻችሁ ነበር። ይቅርታ፣ ያን ቁጥር ሰርዙት።

ላልተከታተላችሁ፦ ናሙናው ወደ ዓለም ከተማ ስትሄዱ ጀማ ሸለቆ ውስጥ ከምታዩት አሸዋ ድንጋይ የተቆረጠ ነው። ሲሊንደር ቅርጽ አለው፣ ወርዱ 38 ሚሊ ሜትር፣ ቁመቱ 50። የምፈልገው በድንጋዩ ውስጥ ካለው ክፍት ቦታ ስንት እጁን ውኃ እንደያዘው ማወቅ ነው፤ ሳቹሬሽን የምንለው እሱን ነው። ስሌቱ ቀላል ነው። አሁን ካለው ክብደት ላይ ደረቁን ትቀንሳላችሁ፣ የቀረውን ድንጋዩ ሙሉ በሙሉ ሲሞላ ለሚጨምረው ክብደት ታካፍላላችሁ። ጣጣው «ሙሉ» የሚባለውን ቁጥር ማግኘት ላይ ነው። እሱ ከተበላሸ ተከትሎት የሚመጣው ሁሉ ብልሹ ነው።

ኦቨን ውስጥ በ105 ዲግሪ፣ ክብደቱ መቀነሱን እስኪያቆም አደረቅሁት፤ 124.70 ግራም። (ሸክላነት ያለውን ድንጋይ በዚህ ሙቀት አትንኩት፤ ሸክላው ራሱ የያዘውን ውኃ ጭምር ታባርሩበታላችሁ። በ60 ዲግሪ ቀስ ብሎ ይድረቅ።) ከዚያ የተጣራ ውኃ ውስጥ ዘፍዝፌ አሳደርኩት። ጠዋት 132.15 ሆነ። 7.45 ግራም ጠጥቷል፤ ደስ አለኝ፤ ለእናንተም አወራሁ።

ያነቃኝ ኋላ ላይ የመዘንኩት ነው። ድንጋዩን በክር አንጠልጥዬ ውኃ ውስጥ እንዳለ ስመዝነው 75.51 አለ። ከዚህ ተነስቼ የጠጣሩን ክፍል ጥግግት ሳሰላ 2.53 ወጣ። ድንጋዩን በሌንስ ሳየው ከሞላ ጎደል ኳርትዝ የሚባለው ማዕድን ነው፤ የኳርትዝ ጥግግት ደግሞ 2.65። ኳርትዝ ከመቼ ወዲህ ቀለለ? ውስጡ አየር ተደብቆ ነው እንጂ። ያ አየር ድንጋዩን ውኃ ውስጥ ወደ ላይ ይደግፈዋል፣ ሚዛኑም ይታለላል።

ስለዚህ ወደ ቫኩም ፓምፕ ሄድኩ። መጀመሪያ ድንጋዩን ከነውኃው ዴሲኬተር (ክዳኑ አየር የማያስገባ ዕቃ) ውስጥ አስገብቼ አየሩን መሳብ ጀመርኩ። አረፋው ተንተከተከ። «አየሩ እየወጣ ነው» ብዬ ጠበቅሁ። አንድ ሰዓት፣ ሁለት ሰዓት፤ አረፋው አያልቅም። በዚያ ላይ የፓምፑ ግፊት መለኪያ፣ ጌጁ፣ ከ0.7 ባር ትንሽ አለፍ ብሎ ቆመ። ወደ 1 መጠጋት አለበት ብዬ ስላሰብኩ ክዳኑን ፈታሁ፣ ጎሚኒውን ቀየርኩ፣ ግሪስ ቀባሁ። ያው ነው። ሁለት ቀን እንዲህ አለቀ።

በመጨረሻ ላቦራቶሪያችን ውስጥ ዕድሜውን የጨረሰ አንድ ጋሼ መጣና ጌጁን አየ።

«ምን ፈልገህ ነው የምትፈታታው?»

«ጋሼ፣ የሆነ ቦታ ያፈሳል። 1 አልደርስ አለኝ።»

«አንተ ልጅ፣ ደብረ ብርሃን ቁጭ ብለህ የምጽዋ አየር ያምርሃል? የሌለውን ከየት ስቦ ያምጣልህ! ድንች ስትቀቅል አላየኸውም እንዴ?»

እውነቱን ነው። እኛ ያለነው ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ነው፤ የአየሩ ግፊት ራሱ ወደ 0.72 ባር ነው። ውኃ እዚህ የሚፈላው በ91 ዲግሪ ግድም ነው፤ ድንቹም የሚዘገየው ለዚህ ነው። ጌጁ የሚያሳየው ደግሞ ከውጭው አየር ያለውን ልዩነት ብቻ ነው። ስለዚህ ፓምፔ ጤነኛ ነበር፤ ያለውን አየር ከሞላ ጎደል ጨርሶታል። አረፋውም አየር አልነበረም። በ15 ዲግሪ፣ ግፊቱ ወደ 0.017 ባር ሲወርድ ውኃ ይፈላል፤ በኅዳር ውርጭ እጄ እየቀዘቀዘ ውኃ ሲፈላ ቁጭ ብዬ ሳይ ነበር ማለት ነው።

አሁን የማደርገው በተገላቢጦሹ ነው። ደረቁን ድንጋይ ለብቻው አስገብቼ ሦስት ሰዓት አየሩን እስባለሁ። ከዚያ ቀደም ብዬ አፍልቼ ያቀዘቀዝኩትን ውኃ በቀጭን ቱቦ ከሥር እለቅበታለሁ፤ ድንጋዩ ሲሸፈን ፓምፑን ዘግቼ አየር አስገባለሁ። የሚገባው አየር ውኃውን ወደ ቀዳዳዎቹ ይገፋዋል። የእኛ አየር ጉልበቱ አነስተኛ ስለሆነ አንድ ሌሊት ጨመርኩለት።

134.31 ግራም። ውኃ ውስጥ 77.67። ጥግግት 2.65።

የጠጣው 9.61 ግራም ነው። በፊት «ሞላ» ያልኳችሁ 7.45 ለዚህ ሲካፈል 77.5 በመቶ ብቻ ነው። ፖሮሲቲውም፣ ማለትም ከጠቅላላ ይዘቱ ክፍት ቦታው የያዘው ድርሻ፣ 13 ሳይሆን 17 በመቶ ሆነ።

ስለ መጥረግም ልንገራችሁ፣ ማንም አይነግራችሁምና። እርጥቡን ድንጋይ በደረቅ ሶፍት ከነካችሁት ሶፍቱ ከቀዳዳው ውስጥ ውኃ ይመጥጣል። ካልጠረጋችሁት ደግሞ ላዩ ላይ የቀረችው ጠብታ ትመዘናለች፤ አንዲት ጠብታ 0.05 ግራም ብትሆን በእኔ ድንጋይ ግማሽ በመቶ ናት። እኔ የአሮጌ ነጠላ ቁራጭ አርሼ፣ ጨምቄ፣ አንድ ጊዜ አንከባልልበታለሁ። ከዚያ ቶሎ ሚዛን ላይ። መስኮቱን ዝጉ፤ የበጋው ነፋስ ደረቅ ስለሆነ የመጨረሻዋ አሃዝ እያያችኋት ትወርዳለች።

ከጣርማ በር ያመጣሁትን ባዛልትም በዚሁ መንገድ ሞከርኩት፤ ምንም ያህል አልጠጣም። ላዩን ስታዩት እንደ እንጀራ ዓይን በዓይን ነው፣ ግን ዓይኖቹ እርስ በርስ አይገናኙም። ዱቄት አድርጌ ጥግግቱን ካልለካሁ የተዘጋው ባዶ ቦታ ስንት እንደሆነ አላውቅም። ለጊዜው ትቼዋለሁ።

ዘይትና ውኃ አብሮ ለያዘ ድንጋይ ይህ የሚዛን ዘዴ አይበቃም፤ ሁለቱን አይለይም። እዚያ ቶሉዊን የሚባል፣ ትነቱ ጎጂ የሆነ ማሟሟያ እያፈሉ ውኃውን በትነት አውጥተው በመስመር በተከፋፈለ ቱቦ ይሰበስቡታል፣ ዘይቱን ከክብደቱ ልዩነት ያገኙታል፤ ዲን-ስታርክ ይሉታል። ጭስ መሳቢያ በሌለበት ክፍል ግን ቶሉዊን አላፈላም።

አሁን የያዝኩት ግማሽ ሙሌት ላይ ማቆም ነው። ድንጋዩ ከውጭ ወደ ውስጥ ስለሚደርቅ ሚዛኑ ግማሽ ቢልም ቅርፊቱ ደርቆ መሐሉ ረጥቦ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ዛሬ ጠዋት 129.48 ላይ ሲደርስ፣ ማለትም 49.7 በመቶ ላይ፣ በፕላስቲክ ሁለት ጊዜ ጠቅልዬ ቁም ሣጥን ውስጥ ከተትኩት፤ ውኃው ውስጥ ለውስጥ ይከፋፈል ብዬ። በሦስተኛው ቀን ፈትቼ እመዝነዋለሁ። ከ129.48 ከወረደ ጥቅሌ ያፈሳል ማለት ነው፤ ይኼኛውን በከፍታው አላሳብብም።