ክፍልፋይ በጆሮ ብቻ

ጎንደር ውስጥ ባለ አንድ ትምህርት ቤት፣ ለክትትል የመጣ ሱፐርቫይዘር 5ኛ ክፍልን በሦስት ረድፍ ከፋፈለ፦ በማየት የሚማሩ፣ በመስማት የሚማሩ፣ በመሥራት የሚማሩ። መለያው ልጆቹ ራሳቸው የሞሉት መጠይቅ ነበር። ለአንዱ ረድፍ ሥዕል፣ ለሌላው ወረቀትና መቀስ ታደለ። ለመስማት ረድፍ የመምህርቷ ማብራሪያ ብቻ ደረሰው። የዕለቱ ርዕስ 1/2 + 1/3።

የመስማት ረድፍ ደብተር ሲታይ 2/5 ሞልቶታል። ላዕልን ከላዕል፣ ታህትን ከታህት ደምረውታል። ክፍልፋይ ያስተማረ ሁሉ ይህን ስህተት ያውቀዋል፤ ልጁ 1/2ን አንድ መጠን አድርጎ ገና አላየውም፣ ሁለት ቁጥሮች ናቸው የሚታዩት።

መምህርቷ ሱፐርቫይዘሩን «መምህር፣ ወረቀቱን ለእነዚህም ላድላቸው?» አለችው።

«አይሆንም መምህርት፤ የእነሱ ስልት መስማት ነው።»

«ግማሽ ላይ ጨምረው እኮ ከግማሽ ያነሰ አገኙ!»

«እንግዲያው ማብራሪያውን ይድገሙላቸው።»

ደገመችላቸው። መልሱ ያው 2/5 ሆነ። ዛሬም የሚያንገበግበው ይህ ነው፦ መፍትሔው ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ልጆቹ በመጠይቅ ምክንያት ተከለከሉ።

በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ ክፍሉን በሙሉ አንድ ላይ አስተማረች። መጀመሪያ «መልሱ ከግማሽ ይበልጣል ወይስ ያንሳል?» ብላ አስገመተች። ከዚያ ሁሉም ባለ 6 ካሬ አራት ማዕዘን (2 በ3) ሁለት ሁለት ሣሉ። በአንዱ ላይ አንድ ረድፍ ቀለሙ፣ 3/6። በሌላው አንድ ዐምድ፣ 2/6። ሁለቱን በአንድ ሥዕል ላይ ማቅለም አይገባም፤ ረድፉና ዐምዱ የሚገናኙበት ካሬ ሁለት ጊዜ ይቀለምና ልጁ 4/6 ይቆጥራል። «ሦስት ስድስተኛና ሁለት ስድስተኛ፣ አምስት ስድስተኛ» ብለው በቃል ካሉ በኋላ ነው ትጋብ (ትንሹ የጋራ ብዜት) ወደ ሰሌዳው የመጣው።

ይህ ለጎንደር ሰው እንግዳ ነገር መሆን አልነበረበትም። የጎንደሯ በአታ ቤተ ክርስቲያን የአቋቋም፣ ማለትም የቤተ ክርስቲያን ዜማና ዝማሜ ትምህርት፣ ማስመስከሪያ ናት፤ እዚያ ተማሪው ዜማውን በጆሮው ይቀበላል፣ ዝማሜውን ደግሞ መቋሚያ ይዞ በአካሉ ይሠራዋል። «አንተ የመስማት ልጅ ነህ፣ መቋሚያውን ተው» የሚል መሪጌታ የለም። መንገዱን የሚወስነው ትምህርቱ ነው።

የሥነ ልቦና ተመራማሪው ሃሮልድ ፓሽለርና ባልደረቦቹ በ2008 እ.ኤ.አ. ስለ መማር ስልት የተሠሩትን ጥናቶች ሲመረምሩ፣ ሰዎች የሚመርጡት መንገድ እንዳላቸው አልካዱም። በዚያ ምርጫ ልክ ማስተማር ውጤት እንደሚያሻሽል የሚያሳምን ማስረጃ ግን አላገኙም።

በልጆች መካከል ያለው ልዩነት እውነት ነው። ማባዛት ያልያዘ ልጅ ትጋብ ላይ ይወድቃል። ሰሌዳው የማይታየው ከፊት መቀመጥ አለበት፣ ጆሮው የሚደክምም እንዲሁ። የክትትል ቅጹ ላይ «የመማር ስልት» የሚለው ሳጥን መሞላት ካለበት፣ በእነዚህ ይሞላ።