ጥምርታው የበፊቱ ነው የአሁኑ?

በአንድ ትምህርት ቤት የወንዶችና የሴቶች ጥምርታ 3፡2 ነው። ወንዶቹ በ20፣ ሴቶቹ በ30 በመቶ ቢጨምሩ ጠቅላላው ተማሪ በስንት በመቶ ይጨምራል?

መማሪያ መጽሐፉ «ያልታወቀውን ኤክስ በሉት» ይላል። እኔ አልለውም፤ አፕቲትዩድ ፈተና ላይ ጊዜ መጨረስ ነው። ወንዶቹን 300፣ ሴቶቹን 200 አደርጋለሁ። 300ው 360፣ 200ው 260 ይሆናል። 500 የነበረው 620 ደረሰ፤ 120 ለ500 ሲካፈል 24 በመቶ። 25 የሚል ሰው 20ና 30ን ደምሮ ለሁለት አካፍሏል፤ ያ የሚያዋጣው ቡድኖቹ መጀመሪያ እኩል ከነበሩ ብቻ ነው።

እስከዚህ ቀላል ነው። ሰው የሚወድቀው ጥምርታው ከጭማሪው በኋላ ሲሰጥ ነው፤ ይህን ደግሞ አስቀድሞ የሚያስጠነቅቅ አስተማሪ እምብዛም አላየሁም። «ወንዶች በ50፣ ሴቶች በ100 በመቶ ጨምረው ጥምርታቸው 3፡2 ሆነ» ቢባል፣ 300ና 200 የመጨረሻዎቹ ቁጥሮች ናቸው። ወደ ኋላ የሚመለሰው በማካፈል ነው፦ 300 ለ1.5 ሲካፈል 200፣ 200 ለ2 ሲካፈል 100። 300 የነበረው 500 ሆኗል፤ ጭማሪው 66.7 በመቶ ገደማ ነው። ጥምርታውን የበፊቱ አድርጎ የሠራ 70 ያገኛል፤ ጥያቄ አውጪውም 70ን ከምርጫዎቹ አንዱ አድርጎ አስቀምጦለታል።

ወደ ኋላ ለመመለስ በማካፈል ፈንታ በመቶኛውን መቀነስ ደግሞ ከዚህ ይብሳል። ከ200 ላይ 100 በመቶ ሲቀነስ ሴቶቹ ዜሮ ስለሚሆኑ እዚህ ላይ እንኳ ይነቃል። በ20 በመቶ ጨምሮ 300 የደረሰውን ግን 240 ነበር ብሎ ማለፍ ቀላል ነው፤ ትክክሉ 250 ነው።

ስለዚህ ከማስላቴ በፊት «ነበር»፣ «ሆነ»፣ «አሁን» የሚሉትን አሰምርባቸዋለሁ። ጊዜውን ጨርሶ የማይጠቅስ ጥያቄም አለ፤ የአውጪው ስንፍና ነው፣ የበፊቱ ነው ብዬ እሠራዋለሁ። «የሴቶች ለወንዶች» ከተባለም ቅደም ተከተሉ ይገለበጣል።

የመጀመሪያው ጥያቄ ተገልብጦ ጠቅላላው ጭማሪ 24 በመቶ እንደሆነ ተነግሮ ጥምርታው ሲፈለግ፣ ልዩነቶቹን አቀያይራለሁ፦ ከ30 እስከ 24 ያለው 6 ለወንዶች፣ ከ20 እስከ 24 ያለው 4 ለሴቶች። 6፡4 ማለት 3፡2 ነው። ይህ ግን የበፊቱ ጥምርታ ነው፤ የአሁኑ ከተፈለገ 360 ለ260፣ ማለትም 18፡13 ነው።