ጉስታቭ 3ኛ እና መኳንንቱ

ዘመነ መሳፍንትን ለደሴ ሰው ማስረዳት አያስቸግርም፤ ጎንደር ላይ ነገሥታትን ሲሾሙና ሲሽሩ የኖሩት የየጁ ራሶች ከዚሁ ከወሎ የወጡ ናቸው። ዐፄ ኢዮአስ በተገደሉበት በ1769 (እዚህ ያለው ዘመን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) የስዊድን ንጉሥም ለስሙ ብቻ ነበር የተቀመጠው። አገሩ በእጁ የነበረው መኳንንት፣ ካህናት፣ ከተሜዎችና ገበሬዎች የየራሳቸው ጉባኤ ያላቸው ምክር ቤት ነው። በውስጡ «ባርኔጣ» እና «ቆብ» የሚባሉ ሁለት ወገኖች ሲሻኮቱ ፈረንሳይ ለአንዱ፣ ሩሲያ ለሌላው ገንዘብ ትረጭ ነበር።

ጉስታቭ በ1771 በ25 ዓመቱ ነገሠ። ሥልጣኑን ለመንጠቅ ያሰበው በሦስት አቅጣጫ ነው። የሴራው ተባባሪ ቶል ደቡብ ላይ የክርስቲያንስታድን ምሽግ ያሳምፃል፤ ሌላው ተባባሪ ስፕሬንግትፖርተን ፊንላንድ ውስጥ የስቬአቦርግን ምሽግ ይዞ በባሕር ይመጣል፤ እሱ ስቶክሆልም ይጠብቃል። ቶል ኦገስት 12 ቀን 1772 ተነሣ። ስፕሬንግትፖርተንን ግን ነፋሱ አስቀረው፤ በዚህ መሀል ወሬው በምክር ቤቱ ስም አገር የሚያስተዳድሩት አማካሪዎች ዘንድ ደረሰ። ጉስታቭ ቢጠብቅ ይያዝ ነበር፤ ስለዚህ ኦገስት 19 ሁለቱን ተባባሪዎቹን ሳይጠብቅ ጀመረ። የዘበኞቹን መኮንኖች ቤተ መንግሥት ሰብስቦ አናገራቸው፣ አስማላቸው፣ አማካሪዎቹን ከነተሰበሰቡበት ክፍል አስቆለፈባቸው፤ ከዚያ በፈረስ ከተማውን ዞረ። የደጋፊ ምልክቱ በግራ ክንድ ላይ የታሰረ ነጭ መሐረብ ነበር። ኦገስት 21 ወታደር በከበበው ቤተ መንግሥት ምክር ቤቱ ባለ 57 አንቀጹን ሕገ መንግሥት ተቀበለ። አንድም ሰው አልሞተም።

ከዚያ በማሠቃየት ቃል መቀበልን ከለከለ፤ በ1786 ባለ 18 ወንበሩን የስዊድን አካዳሚ አቋቋመ። ቡና ሲጠጣ የምትነሣዋ፣ ቡና መርዝ መሆኑን በሁለት መንትያ እስረኞች ላይ ሞከረ የምትባለው ወሬ ግን እምነት የሚጣልባት አይደለችም።

የጠለፈው የራሱ ሕግ ነው፤ ያለ ምክር ቤቱ ፈቃድ ጦርነት መክፈት አይችልም ነበር። በ1788 ሩሲያን ሊወጋ ሲነሣ የኦፔራውን ልብስ ሰፊ የሩሲያ ወታደር ልብስ አሰፋና ያንን የለበሱ የገዛ ሰዎቹ ድንበር ላይ ባለችው ፑማላ ተኮሱ፤ «ተጠቃን» ለማለት። ጨዋታው መኮንኖቹን አላታለለም፤ ፊንላንድ ውስጥ አንያላ በሚባል ስፍራ 113 የሚሆኑት ጦርነቱን የሚቃወም ሰነድ ፈረሙ። ንጉሡም በ1789 ሦስቱን ጉባኤዎች ይዞ መኳንንቱን መታ፦ የመንግሥት ሹመት አብዛኛው ለተራው ሰው ተከፈተ፣ ለገበሬው የመሬት መብቱ ሰፋ። በ1790 ስቬንስክሱንድ ላይ በባሕር ድል ቢያደርግም ሰላሙ ድንበሩን ንቅንቅ አላደረገውም።

ቂሙ ግን አደገ። ማርች 16 ቀን 1792 ኦፔራ ቤት ለጭምብል ጭፈራ ሊወጣ ሲል የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ደረሰው፤ ንቆ ገባ። ጭምብል ቢያጠልቅም ደረቱ ላይ ያለው የኒሻን ኮከብ ማንነቱን ያሳብቅ ነበር። ከመኳንንቱ አንዱ የሆነው የቀድሞ መኮንን አንካርስትረም ጥይትና ምስማር በጎረሰ ሽጉጥ ከኋላው ወገቡ ላይ ተኮሰ። ቁስሉ አመረቀዘና ንጉሡ ማርች 29 ሞተ። ገዳዩ መሣሪያውን ወለሉ ላይ ጥሎት ስለነበር ከተማው ውስጥ የሚሠራ ጠመንጃ ጠጋኝ አይቶ ባለቤቱን ተናገረ፤ በማግሥቱ ተያዘ። አንገቱ ኤፕሪል 27 ተቀላ። አብረውት የዶለቱት መኳንንት፣ ሆርንና ሪቢንግ፣ ሞት ተፈርዶባቸው ወደ ስደት ተለወጠላቸው።