«3000 ዋት» የሚለውን ጽሑፍ አትመኑት

ለሶላር የሚሆን ኢንቨርተር፣ ማለትም የባትሪን ኃይል ለቤት ዕቃ ወደሚሆን ኤሌክትሪክ የሚቀይረውን መሣሪያ፣ ልትገዙ ከሆነ ከዋቱ በፊት ቮልቱን ጠይቁ። ይህን ቀድሞ የነገረኝ ሰው ቢኖር ብዙ ብርና ብዙ ንዴት ይቀርልኝ ነበር።

የወላጆቼ ቤት መንዝ ገጠር ውስጥ ነው፤ የመብራት መስመር አልደረሰም። አባቴ ስኳር አለበት። ያልተከፈተ ኢንሱሊን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ውስጥ መቀመጥ አለበት። ስለዚህ ትንሽ ፍሪጅ፣ አምፖሎችና ቲቪ የሚችል ነገር ፈለግሁ። ፓኔሎቹን ጣሪያ ላይ ማሰር ቀላል ነበር። ከፓኔሉ ወደ ባትሪው የሚገባውን ኃይል የሚቆጣጠረው ቻርጅ ኮንትሮለርም አላስቸገረም። ከመርካቶ ሁለት ባለ 12 ቮልት፣ ባለ 200 አምፒር-ሰዓት ጄል ባትሪዎች ጭነን ሄድን።

መከራ ያሳየኝ ኢንቨርተሩ ነው። ሻጩ «እህቴ፣ ትልቁን ውሰጂ፣ ትልቅ አይጎዳም» ብሎ ባለ 12 ቮልት፣ «3000 ዋት» የሚል ሸጠልኝ። ባለሙያው ባትሪዎቹን ፖዘቲቭ ከፖዘቲቭ፣ ኔጋቲቭ ከኔጋቲቭ አገናኛቸው። አምፖሉ በራ፤ ቲቪው ሠራ። ፍሪጁ ሊነሳ ሲል ግን ኢንቨርተሩ ጮኸና ጠፋ። ደግመን ሞከርን፤ ያው ነው።

ባለሙያው «ባትሪው የሞተ ነው» አለ። ሻጩ በስልክ «ሁለት ባትሪ ጨምሪ» አለኝ። አንዳቸውም ለመለካት አልሞከሩም! የአባቴ መድኃኒት እንስራ ሥር በእርጥብ ጨርቅ ተጠቅልሎ ተቀምጧል፤ እነሱ ግን በግምት ያወራሉ።

ቴስተር (የቮልት መለኪያ) ተውሼ ራሴ ለካሁ። ፍሪጁ ሊነሳ ሲል ባትሪው ላይ ከ12 ቮልት በላይ አለ። ኢንቨርተሩ ጫፍ ላይ ግን ከ10.5 በታች ወርዷል። እዚያ ሲደርስ ኢንቨርተሩ ባትሪ ያለቀ መስሎት ይዘጋል። ቮልቱን የበላው ካርቶኑ ውስጥ አብሮ የመጣው ቀጭን ገመድ ነው። ሒሳቡ ቀላል ነው፦ 3000 ዋት ለ12 ቮልት ሲካፈል 250 አምፒር ይሆናል። ያንን ገመድ ከ3000 ዋት ጋር አሽጎ መሸጥ ነውር ነው።

ይህ ብቻ አይደለም። መመሪያው ላይ በደቃቁ እንደተጻፈው 3000 የቅጽበት ጉልበቱ ነው፤ ሳያቋርጥ የሚችለው 1500 ብቻ። ሞገዱም ንጹሕ አይደለም፤ እንዲህ ዓይነቱ ሞገድ የፍሪጅ ሞተር ያግላል። ኢንቨርተሩ ምንም ሳይሠራም 25 ዋት ገደማ ይበላል፤ በቀን 600 ዋት-ሰዓት ማለት ነው። የአንዱ ባትሪ ሙሉ አቅም 2400 ነው። ዕድሜው እንዳያጥር ከግማሽ በላይ ካልተጠቀምንበት የቀረን 1200። የዚህን እኩሌታ ባዶውን የበራ ኢንቨርተር ይጨርሰዋል። «ትልቅ አይጎዳም» ያለኝ ሰው ልመልስለት ስሄድ «ከተሞከረ አይመለስም» አለኝ። እስከ ዛሬ ያናድደኛል።

በኪሳራ ሸጬው ባለ 24 ቮልት፣ 1500 ዋት፣ ሞገዱ ንጹሕ የሆነውን፣ «ፒዩር ሳይን ዌቭ» የሚባለውን ገዛሁ። ሁለቱን ባትሪዎች በተከታታይ አገናኘኋቸው፦ የአንዱ ፖዘቲቭ ከሌላው ኔጋቲቭ። ቮልቱ እጥፍ ሆኖ 24 ስለደረሰ ለዚያው ሥራ አምፒሩ በግማሽ ቀነሰ። ገመዱን ባለ 35 ካሬ ሚሊ ሜትር መዳብ አደረግሁትና የቻልኩትን ያህል አሳጠርኩት። ፊውዙን ፖዘቲቩ ላይ፣ ከባትሪው አጠገብ አሰርኩ። ኢንቨርተሩ ጋ የሚያደርጉት አሉ፤ ያኔ ገመዱ መሀል ላይ ቢነካካ እሳቱን የሚያቆም የለም። ፍሪጁ በመጀመሪያው ሙከራ ተነሳ። በእጄ በመሥራቴ ኮርቻለሁ።

የምጣድን ነገር እርሱት፤ የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3000 ዋት በላይ ይፈልጋል። አሮጌና አዲስ ባትሪም አትቀላቅሉ፣ ማንም ይችላል ቢላችሁ። ወንድሜ ደግሞ ከአንዱ ባትሪ ብቻ 12 ቮልት ወስዶ የበረቱን አምፖል ሊያበራ ነበር፤ ከለከልኩት። አንዱ እየጎደለ ሌላው ከልክ በላይ እየሞላ ሁለቱም ይበላሻሉ። ለበረቱ ከኢንቨርተሩ ሌላ መስመር ዘረጋን።