ከቦሌ እስከ ዋሽንግተን፦ ሲሄዱ የሚረዝም፣ ሲመለሱ የሚያጥር መንገድ

ከአዲስ አበባ እስከ ዋሽንግተን ደለስ አየር ማረፊያ ያለው የቀጥታ የአየር ርቀት 11,560 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ርቀቱ አንድ ሆኖ ሳለ፣ በሐምሌ ወር ስጓዝ መሄጃው ከ16 ሰዓት በላይ ሲወስድብኝ መመለሻው 13 ሰዓት ገደማ ብቻ ፈጅቷል።

ከቦሌ ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ ተነሥተን፣ ነዳጅ ለመሙላት ጎህ ሲቀድ ደብሊን አረፍን። ልዩነቱን ያመጣው ወደ አየርላንድ መዞሩ ቢመስልም፣ በደብሊን በኩል መሄድ በመንገዱ ላይ የሚጨምረው 300 ኪሎ ሜትር እንኳ አይሞላም፤ መሬት ክብ በመሆኗ አጭሩ መስመር ራሱ በሰሜን አፍሪካና በስፔን ሰማይ በኩል ወደ ሰሜን ተቀስቶ ያልፋልና። ዋናው ምክንያት የቦሌ ከፍታ ነው። ቦሌ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለሚገኝ አየሩ ስስ ነው፤ በስስ አየር ደግሞ የሞተሩም ጉልበት የክንፉም የማንሣት አቅም ስለሚቀንስ፣ አውሮፕላኑ እስከ አሜሪካ የሚያደርሰውን ነዳጅ ከሙሉ ተሳፋሪና ጭነት ጋር ይዞ ለመነሣት ይቸገራል። ቢሾፍቱ አካባቢ የታቀደው አዲስ አየር ማረፊያ ከቦሌ ዝቅ ያለ ሥፍራ ላይ መሆኑ፣ በእኔ ግምት፣ ከስፋቱ ባልተናነሰ ሊወራለት የሚገባ ጉዳይ ነው።

ደብሊን ላይ ከመቀመጫችን አልተነሣንም። ነዳጅ በሚሞላበት ጊዜ የመቀመጫ ቀበቶ እንድንፈታ አስተናጋጇ ስትነግረን፣ ልጃቸውን ለመጠየቅ የሚሄዱት ጎረቤቴ ነጠላቸውን አስተካክለው፣ «ደረስን እንዴ ልጄ?» አሉኝ። «ገና ነን እማማ፤ ውቅያኖሱ ይቀረናል» አልኳቸው። ቀበቶው የሚፈታው ድንገት አደጋ ቢፈጠር ሰው ፈጥኖ እንዲወጣ ነው፤ ይህን ግን ለእርሳቸው መንገሩን ተውኩት።

ሲመለሱ ነገሩ ይገለበጣል። ደለስ ከባሕር ወለል 100 ሜትር እንኳ ከፍ ስለማይል አውሮፕላኑ ነዳጁን ሞልቶ በአንድ በረራ አዲስ አበባ ይገባል፤ በላይኛው ሰማይ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚነፍሰው ኃይለኛ ነፋስም፣ በመሄጃው ፊት ለፊት ሲገፋ የነበረው፣ አሁን ከኋላ ያግዛል።

ተቀባይን የሚያሳስተው ግን ሰዓቱ ነው። ከደለስ ረፋድ 5 ሰዓት ላይ ተነሥቼ ቦሌ የደረስኩት በማግስቱ ጠዋት 1 ሰዓት ገደማ ስለነበር፣ የእጅ ሰዓቱን ብቻ ያየ ሰው 20 ሰዓት የበረርኩ ይመስለዋል፤ ሰባቱ የሁለቱ ከተሞች የሰዓት ልዩነት ናቸው። አሜሪካኖቹ በጥቅምት መጨረሻ ገደማ ሰዓታቸውን ወደ ኋላ ሲመልሱ ልዩነቱ 8 ሰዓት ስለሚሆን፣ በበጋ የሚጓዝ ሰው ለሚቀበለው ዘመዱ ከመደወሉ በፊት ትኬቱ ላይ የተጻፈው የመድረሻ ሰዓት የመድረሻው ከተማ ሰዓት መሆኑን ልብ ይበል።