ስፔድስ መማር፦ 500 ደርሰን 400 የወረድንባት ሌሊት

ዘጠነኛ ሳምንቴን ያዝኩ። የማታ ፈረቃ እረፍት ላይ ባልደረቦቼ ስፔድስ ሲጫወቱ አይቼ "ካርታ አይደል እንዴ? ኮንከር እየተጫወተ ላደገ ሰው ምን ይከብደዋል?" ብዬ ነበር የገባሁት። ከበደኝ።

ለማያውቁት ባጭሩ ልንገራችሁ። አራት ሰው ሁለት ሁለት ሆኖ ይጫወታል። አጋርህ ፊት ለፊትህ ነው የሚቀመጠው። ለሰው 13 ካርታ ይደርሳል። አንዱ ካርታ ሲጥል ሌሎቹ የዚያኑ ዓይነት ካላቸው የግድ እሱኑ ይጥላሉ። ትልቁን የጣለ አራቱንም ያነሳል። ይህ አንድ "ቡክ" ይባላል። የተጣለው ዓይነት እጅህ ላይ ከሌለ ግን በስፔድ መቁረጥ ትችላለህ፤ ስፔድ ሁሉንም ይበልጣል።

ዋናው ነገር ግን ያለው ከዚህ በፊት ነው። ገና አንድ ካርታ ሳይጣል ስንት ቡክ እንደምትወስድ ቃል ትገባለህ። ያንተና የአጋርህ ይደመራል። 7 ብላችሁ 7 ከወሰዳችሁ 70 ነጥብ። 6 ከወሰዳችሁ 70 ይቀነስባችኋል። ቀድሞ 500 የደረሰ አሸነፈ።

የመጀመሪያ ሳምንቶቼ ያለቁት እጄን ባለመቁጠር ነው። ሥዕል ያለበትን ካርታ ሁሉ እንደ ቡክ እቆጥረው ነበር። ለምሳሌ ዳይመንድ ኪንግ ብቻውን ይመጣልኛል፤ "አንድ" እላለሁ። ከዚያ አንዱ የዳይመንድ ኤስ ይጥላል፤ እኔም ሌላ ዳይመንድ ስለሌለኝ ኪንጌን ወድጄ ሳይሆን ተገድጄ አስረክባለሁ። አጋሬ ነገሩን ሲያስረዱኝ ቀላል ሆነ፦ ኪንግ ከጎኑ ትንሽ ካርታ ያስፈልገዋል። ኤስ ሲመጣ ትንሿን ትከፍልና ኪንጉን ለቀጣዩ ታቆየዋለህ።

አጋሬ በስድሳዎቹ ውስጥ ያሉ ሰው ናቸው። ጨዋታውን የተማሩት ውትድርና ላይ ነው። (ስፔድስ እንደ ፈረንጆቹ በ1930ዎቹ እዚሁ አሜሪካ የተጀመረ ሲሆን፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ወታደሮች ናቸው ያዛመቱት።) እኔ በልቤ "ጋሼ" ነው የምላቸው። አይቆጡም። መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው ብቻ ያዩኛል፤ ቁጣው ይሻለኝ ነበር።

ሦስተኛው ሳምንት ላይ ጉድ ሆንኩ። አንዲት ዳይመንድ ከሃርቶቹ መሀል ተሸጉጣ ሳላያት፣ ዳይመንድ ሲጣል በስፔድ ቆረጥኩ። ትንሽ ቆይቼ ያቺኑ ዳይመንድ ስጥል ተቃራኒዎቻችን ጠረጴዛውን መቱት። "ሪኒግ" ይሉታል፤ በእኛ ጠረጴዛ ቅጣቱ 3 ቡክ ነው። ከዚያ ወዲህ እጄን ስደረድር ቀይ፣ ጥቁር፣ ቀይ፣ ጥቁር አድርጌ ነው። ሁለቱን ቀዮች ጎን ለጎን አላስቀምጥም።

ሌላው ችግሬ አፌ ነው። ኮንከር ላይ ግማሹ ጨዋታ ለፍለፋ ነው። እዚህ ተቃራኒን መተረብ ይፈቀዳል፤ ለአጋር ስለ እጅህ ፍንጭ መስጠት ግን ነውር ነው። "ወይኔ" ማለት እንኳ ያስጠረጥራል። በአማርኛ ማጉረምረም ጀምሬ ነበር፤ እሱንም ከለከሉኝ።

አሁን ወደዚያች ሌሊት። ከገባኸው ቃል በላይ የወሰድከው እያንዳንዱ ቡክ "ባግ" ይባላል። አንድ ነጥብ ይሰጥሃል፤ 10 ሲሞላ ግን 100 ያስቀንሳል። እኛ 429 ነበርን። የመጨረሻዋ አሃዝ 9 እስካሁን ዘጠኝ ባግ እንደሰበሰብን ነው የምትነግረን። 7 ብለን 7 ወስደናል፤ ሁለት ዙር ይቀራል። በቀኜ ያለው ክለብ ጣለ። እኔ እጅ ላይ ዳይመንድ 4 እና ስፔድ 9 ብቻ ቀርተዋል። ዳይመንዷን መጣል ነበረብኝ። እኔ ግን የሚወሰድ ነገር አይቼ ማለፍ አልቻልኩም፤ ቆረጥኩ። ስምንተኛ ቡክ። 71 ሲደመር 500! ተነስቼ ጮህኩ።

ጋሼ መነጽራቸውን ዝቅ አደረጉ። አሥረኛዋ ባግ ናት። 400።

ዳይመንዷን ብጥል ኖሮስ? ያ ሰው የያዘው የመጨረሻ ካርታ ትንሹ ጆከር ነበር፤ በእኛ ጠረጴዛ ጆከር ከስፔዶች ሁሉ ስለሚበልጥ ዘጠኜን ይበላዋል። 499 ላይ እንቀር ነበር ማለት ነው። አንድ ነጥብ ጎድሎን! እሱም ያበሳጫል፣ ግን ከ400 ይሻላል። ሁለት እጅ ቆይተን ተሸነፍን።

አሁን ስፔዶችን መቁጠር ለምጃለሁ። እኛ ሁለቱን ጆከሮች ስለምንጨምርና የሃርትና የክለብ 2ን ስለምናወጣ፣ የሚቆጠረው 13 ሳይሆን 15 ነው። ሌላ ጠረጴዛ ስትቀመጡ መጀመሪያ ይህን ጠይቁ፤ ሕጉ ከቤት ቤት ይለያያል። "ኒል" የሚባለውን፣ አንድም ቡክ አልወስድም ብሎ 100 ነጥብ የሚያስይዘውን፣ ገና አልደፈርኩም።

ባለፈው ቅዳሜ የኮንከር ጓደኞቼን ቤት ጠርቼ ለማስተማር ሞከርኩ። ሁሉም ነገር ገባቸው፤ ባግ ላይ ስንደርስ ግን አንዱ "ወስደንስ ለምን እንቀጣለን?" ብሎ ካርታውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ግማሽ ሰዓት ተከራከርን። በመጨረሻ ኮንከር ተጫወትን።